የፈረሶች ዕረፍት በገላን

ፈረስ እንደሚደክም ለአቃቂ ሕዝብ የገለጡለት አቶ ወልደገብርኤል ናቸው። ከዚያ በፊትም ፈረስ ይደክም ነበር፤ ግን በኃላፊ ደረጃ አልተረጋገጠለትም።

አቶ ወልደገብርኤል የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ናቸው። በመኪና ረጅም መንገድ የሚሄድ ፈረስ በየመሀሉ ወርዶ፣ ውሃ ጠጥቶ ማረፍ እንዳለበት አንድ ሥልጠና ላይ ሰሙና እንቅልፍ አጡ። ደግነቱ ሥልጠናው ላይ በቂ ተኝተው ነበር። ስለዚህ የአቃቂ በሰቃው አዛውንት ኦቦ ፈየራ አራት ፈረሶቻቸውን ይዘው አሰላ ለፈረስ ትርኢት ሲጋበዙ፣ ኃላፊው ጉዞውን በራሳቸው አመራር ሥር አዋሉት።

«የመጀመሪያው ዕረፍት ገላን ይሁን» ሲሉ ወሰኑ።

ከአቃቂ በሰቃ ገላን ሁለት ዘፈን ተሰምቶ ሳያልቅ ይደረሳል። ይሁን እንጂ ለዕረፍቱ ሥነ ሥርዓት የተጠሩት ተጋባዦች የሚኖሩት ገላን ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ለፈረሶቹ አመቺነቱ አያጠያይቅም።

በዕለቱ ሾፌሩ ሂርጳ ፈረሶቹን የጫነውን አይሱዙ አስፋልቱ ዳር አቆመ። ድንኳን ተተክሏል። «ያረፈ ፈረስ ለተፋጠነ ዕድገት!» የሚል ባነር ተሰቅሏል። ኃላፊው ማይክ ጨበጡ።

«የተከበራችሁ ተጋባዦች! የተከበራችሁ ፈረሶች!»

ጭብጨባው ፈረሶቹን አስደነበራቸው። ፀሐይዋ ከረረች። ንግግሩ ከድካም ምንነት ተነሥቶ ወደ ድካም ዓይነቶች ሲሻገር፣ ፈረሶቹ መኪናው ላይ እንደተገተሩ ናቸው። ኦቦ ፈየራ ብድግ አሉ።

«ልጄ፣ ላውርዳቸው? ውሃ ጠምቷቸዋል።»

«ይታገሡ እንጂ አባባ! ስለ ውሃው ልናገር ገና መድረሴ ነው።»

«እስከዚያ ቢጠጡስ?»

«በመርሐ ግብሩ መሠረት ፈረስ የሚወርደው ከምሳ በኋላ ነው።»

«ከማን ምሳ?»

«ከእኛ ነዋ!»

ሽማግሌው ተመልሰው ተቀመጡ። ኃላፊው ንግግሩ ልባቸውን ነክቷቸው ነው ብለው ደስ አላቸው።

ቀጥሎ ፎቶ ሆነ። ከኃላፊው ጋር አሰላ የሚሄዱት ልዑካን የመጡበት ሚኒባስ ባነሩን ስለጋረደ «ወደፊት! ወደኋላ! ትንሽ ወደፊት!» ሲባል፣ ካምቢዮው እንደ ሽምብራ ቆሎ ተንኮሻኩሾ አረፈ። ያን ዕለት በወጉ ያረፈ የመጀመሪያው ፍጡር እሱ ነው።

ተጋባዦቹ ምሳ ላይ ሳሉ ኦቦ ፈየራ የአይሱዙውን ኋላ ከፈቱ፤ ፈረሶቹን አውርደው አጠጡ። ከዚያ በአንደኛው ላይ ወጥተው ሦስቱን እየሳቡ ወደ አቃቂ ተመለሱ። ኃላፊው ጥርሳቸውን እየፋቁ ሲወጡ መኪናው ባዶ ነው።

«ፈረሶቹስ?»

«ሊያርፉ ሄዱ፣ ጌታዬ» አለ ሂርጳ።

«የት?»

«ቤታቸው።»

ይህን ጊዜ ከአሰላ ተደወለ። ሕዝቡ ተሰብስቧል፤ የት ደረሳችሁ? አቶ ወልደገብርኤል ላብ አጠመቃቸው። ፈረስ ጠፋ ብለው ይናገሩ? የማይሆን ነው። ግንባራቸውን ጠረጉና ታሪካዊ ውሳኔ አስተላለፉ፤

«ዋናው ልዑኩ ነው። ፈረስማ አሰላም ሞልቷል!»

ሚኒባሱ ስለማይንቀሳቀስ ልዑኩ ከነከረባቱ አይሱዙው ላይ ተጫነ። ጋቢናውን የድምፅ ማጉያው ይዞታል፤ ዕቃው ውድ ስለሆነ መንገላታት የለበትም።

ዱከም ታለፈ። ቢሾፍቱ ታለፈ። ሞጆ ላይ ኃላፊው መቆም ሲያቅታቸው የጎኑን ብረት አቀፉ፤ የጠጡት ለስላሳም «ልውረድ» አላቸው። የጋቢናውን ጀርባ በጡጫ፣ ቀጥሎም በጫማ ደለቁ። ሂርጳ ግን ዕድሜ ልኩን ፈረስ ሲጭን የኖረ ሰው ነው።

«ረጋ በል፣ ዳማ!» ብሎ በልማዱ ጮኸና ነዳጁን ረገጠ።

አሰላ ላይ የእንስሳት ሐኪሟ ፌኔት ጭድ አንጥፋ፣ ውሃ በባልዲ አሰልፋ ስትጠብቅ ነበር። የመኪናው ኋላ ሲከፈት ዓይናቸው የቀላ፣ ከንፈራቸው የደረቀ፣ ጉልበታቸው የታጠፈ ባለ ከረባቶች አየች። አንድ አፍታ ደነገጠች። ሥራዋን ግን አልረሳችም።

«ቀስ ብላችሁ አውርዷቸው! እግራቸው ሳይፍታታ እንዳታስሮጧቸው!»

አቶ ወልደገብርኤል በብርጭቆ እስኪቀዳ አልጠበቁም፤ ባልዲው ላይ አጎነበሱ። የትርኢቱ አዘጋጅ ማይክ ይዞ እየሮጠ መጣ።

«ክቡር ኃላፊ፣ ሕዝቡ ንግግርዎን እየጠበቀ ነው!»

ኃላፊው ከባልዲው ቀና አሉ። ማይኩን አዩት። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በእጃቸው ገፋ አድርገው፣ ጭዱ ላይ በጎናቸው ጋደም አሉ።

ሕዝቡም ከልቡ አጨበጨበ።