የፊት እግሩ የወለቀ ባቡር

መቼም የእኛ ሰው ወደዚህ ወደ አሜሪካ ሲመጣ ሻንጣው ይጠፋ ይሆናል እንጂ ማዕረጉ አይጠፋም። ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ ጋዝ ስቴሽን ገብታችሁ «ዳይሬክተር!» ብላችሁ ተጣሩ፤ ሦስት ሰው ዞር ይላል። እኔ በድሬዳዋ መስመር ባቡር ነጂ ነበርኩ። አሁን ምድር ቤት ጋራዥ ውስጥ፣ ወደፊት ወደኋላ እያልኩ የሰው መኪና አቆማለሁ። ይህን ስናገር አጠገቤ ያሉት ያፍሩልኛል። ማን ለመናቸው?

አብሮኝ የሚሠራው ዳዊት አሌክሳንድሪያ ያለች ልጅ ወደደና ሽማግሌ ላከኝ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ አባቷ ዳይሬክተር ነበሩ። ፓርኪንጉን ባያነሱት? እኔንም ራስዎንም ኢንጂነር ይበሉልኝ፤ አባቷ እምቢ ካሉ አለቀልኝ» አለ። ቃል አልገባሁለትም።

በቀጠሮው ቀን ቀደም ብዬ ስለደረስኩ ከአሌክሳንድሪያ ባቡር ጣቢያ አጠገብ የባቡር ፎቶ ኤግዚቢሽን ገባሁ። አንድ ጡረተኛ አሜሪካዊ የአሮጌ የእንፋሎት ባቡር ፎቶ ያሳያል። ድሮ ረጅም መስመር ይሄድ የነበረ ነው፤ ሲያረጅ መንገድ የሚመሩትን ትንንሽ የፊት ጎማዎች፣ እግሮቹን ማለት ነው፣ አውልቀው፣ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ፉርጎ እንዲያዛውር መደቡት።

ሰውየው «ምስኪን፣ ተዋረደ» ቢል ደሜ ፈላ። እነዚያ እግሮች ሲወልቁ ክብደቱ በሙሉ በሚጎትቱት ትልልቅ ጎማዎች ላይ ያርፋል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ይጨምራል። እሱ ፉርጎ ካልደረደረ የትኛው ፈጣን ባቡር ነው ንቅንቅ የሚለው? ይህንኑ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነግሬው ወጣሁ።

ቁጣዬ ሳይበርድ የልጅቷ አባት አቶ መኩሪያ ፊት ተቀመጥኩ።

«እርስዎ በምን ሥራ ላይ ነዎት?» አሉኝ።

አብረውኝ የመጡት ሁለቱ ሽማግሌዎች ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መኪና አቆማለሁ። ልጁም አብሮኝ ያቆማል፤ ማታ ማታ ይማራል። እስከ ዛሬ አንድ መኪና አልጫረም» አልኩና የባቡሩን ነገር ከነእግሩ ዘረገፍኩት። ለዳዊት ፈራሁለት፤ የተናገርኩትን ግን አልመለስኩም።

አቶ መኩሪያ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ማክሰኞ ልጁን ይዛችሁት ኑ» አሉ። ሊሸኙን ወጡና እኔን ብቻ ወደ ኋላ አስቀሩኝ።

«እንዲያው... ጋራዣችሁ ሰው ይፈልጋል? የእኔው የጋዝ ስቴሽን ሺፍት እሁድ እንኳ አያስቀድስም።»

«ይፈልጋል» አልኳቸው፤ «ዳይሬክተሩን ግን እቤት ትተውት ይምጡ።»