የማይሞት ዘመድ

ከሰው ይልቅ ከአማልክት ጋር የሚኖር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ጉርድ ሾላ ስኖር ጎረቤቴ ጡረተኛው የታሪክ አስተማሪ ጋሼ ጥላዬ ነበሩ። በራቸውን የሚያንኳኳ የለም። እሳቸው ግን የግሪኩን አምላክ ዜውስን እንደ አጎታቸው ያሙታል፤ "ዛሬም በሚስቱ ላይ ወሰለተ!"

አንድ እሑድ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሲያለቅሱ አገኘናቸው። "ባልደር ሞተ" አሉ።

እኛ ሰፈር ሞት ከተሰማ፣ ሟቹ ምንዎ ነው ብሎ የሚመረምር አለ እንዴ? እድሩ ድንኳን ተከለ፤ ሴቶቹ ንፍሮ ቀቀሉ፤ የወሎው ባለሱቅ ሐጂ ሰይድ እንኳን ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ሦስት ቀን ሙሉ ግቢው በሰው ተጨናነቀ። ባልደር የሰሜን አውሮፓ ተረት አምላክ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ተረቱ ያለበትን መጽሐፍ ያዋሱኝ እሳቸው ናቸዋ!

ለቀስተኛው ሲበተን ጠጋ ብዬ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ የሚወዱት ዜውስን አልነበር?" አልኳቸው።

"የግሪኮቹ አይሞቱም፣ ልጄ" አሉ፣ ባዶውን አግዳሚ ወንበር እያዩ። "የማይሞት ዘመድ ማንን ይጠራልኛል?"

መጽሐፉ ውስጥ የሚሞቱ ገና ብዙ አሉ። እኔም የምኖረው ብቻዬን ነበርና መጽሐፉን እስከ ዛሬ አልመለስኩላቸውም።