ጋሽ ሙላት ስለ እኔ የመሰከሩት

አንዳንዱን ሰው ፍርሃት ጉልበቱን ነው የሚይዘው አሉ። እኔን ሆዴን ነው። ማመልከቻ የሚባል ነገር ገና ሳየው ሆዴ መጮህ ይጀምራል። አትሳቁብኝ እንግዲህ፤ እናንተም የምትፈሩት ነገር አይጠፋችሁም።

ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ውስጥ፣ ገበሬ የሚመላለስበት አንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ማስተርስ ለመማር ስመኝ ነው የኖርኩት። ግን በምን? የተማርኩት አካውንቲንግ ነው፤ ልቤ ያለው ኢኮኖሚክስ ላይ ነው። አካውንቲንግ የለመድኩት እንጀራዬ ነው፤ አያስደነግጠኝም። ኢኮኖሚክስ ደግሞ ከባድ ነው ይሉኛል። ገብቼ ብወድቅስ? የስማዳ ሰው ሁሉ ገበያ መሃል ቆሞ፣ ያ የእነ እገሌ ልጅ ተባረረ ሲል ይታየኛል። ሰው ገና ሳይገባ እንዴት ይባረራል? እኔ እባረራለሁ። አልጋዬ ላይ ተኝቼ ስንቴ ተባርሬያለሁ!

የጨነቀው ሰው እናቱን ያማክራል። እናቴ የሁለቱ ልዩነት ምንድን ነው አለችኝ። አካውንቲንግ ያለውን ነገር በወጉ መያዝ ነው፤ ኢኮኖሚክስ ደግሞ የሌለው ለምን እንደሌለ መጠየቅ ነው አልኳት። “እንዲያማ ከሆነ ሁለተኛውን እዚሁ ተምረነው የለ እንዴ?” አለችኝ። ከእሷ ጋር ክርክር አይቻልም።

በመጨረሻ ሁለቱንም በኢንተርኔቱ ማመልከቻ ላይ ሞላሁ። ኢኮኖሚክስን አንደኛ ምርጫ አደረግሁ። አድሬ ስነሳ ፈራሁና አካውንቲንግን ወደ ላይ አወጣሁት። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር እገለብጣለሁ። ኔትወርኩ ጭራሽ ሲጠፋ ከላይ የተገኘው አካውንቲንግ ነበር፤ በዚያው ቀረ። እንግዲህ ዕድሜ ልኬን የምሠራውን ነገር የመረጠልኝ ኔትወርክ ነው ማለት ነው።

የመግቢያ ፈተናውን በፈጣሪ ቸርነት አለፍኩ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ከዩኒቨርሲቲው ደውለው ስለ እኔ አለቃዬን ይጠይቃሉ። መሥሪያ ቤቱ የትምህርት ፈቃድ የሰጠኝ ለዘንድሮ ብቻ ነው፤ ካመለጠኝ ተራው የሌላ ሰው ነው። ሁሉም ነገር በአንድ ስልክ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

አለቃዬ ጋሽ ሙላት ናቸው። የጎረቤታችን የእስቴ ሰው ናቸው፤ ጡረታ የደረሱ፣ እንደ ልጃቸው የሚያዩኝ። አደራ፣ ደህና አድርገው ያመስግኑኝ አልኳቸው። “ይህም ይነገረኛል?” ብለው ተቆጡኝ። እኔም ደስ አለኝ።

እዚህ ላይ ስለ አገሬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ የሚወዱትን ሰው በሰው ፊት አያመሰግኑም። ዓይን ይፈራል። ሕፃን አቅፋችሁ “ሲያምር!” ብትሉ እናትየው ልጇን ከእጃችሁ ነጥቃ ትሄዳለች። “ይህ ደግሞ ምን ዓይነቱ አስቀያሚ ነው?” ካላችሁ ግን ደስ ብሏት እንደገና ታስታቅፋችኋለች። እኔ ይህን እያወቅሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። በስልክም እንደሚሠራ ግን አላሰብኩም።

ስልኩ የመጣው በገበያ ቀን ነው። ግቢው በባለጉዳይ ተሞልቷል። ቢሮ ውስጥ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ጋሽ ሙላት ወደ በረንዳው ወጡ። ጆሯቸው ደከም ያለ ነውና ድምፁን በስፒከር ለቀቁት። ባለጉዳዩ ሁሉ ወሬውን ትቶ ጆሮውን አቆመ።

አንዲት መምህርት በትሕትና ሰላምታ ሰጥታ ስለ እኔ ጥንካሬ እንዲነግሯት ጠየቀቻቸው። ጋሽ ሙላት ወደ ግቢው ቀና አሉ። ያ ሁሉ ዓይን ያያቸዋል። ከዚያ እኔን አዩኝ።

“የምን ጥንካሬ ነው ልጄ?” አሉ። “ፈሪ ነው። ድመት ብታስነጥስ ይደነግጣል።”

መምህርቷም ግራ ገብቷት ነው መሰለኝ፣ ሥራውስ እንዴት ነው አለቻቸው።

“ሥራውንማ ይሠራል፤ ምን ያደርጋል። መዝግቦ አይበቃውም። ገበሬውን አስቁሞ ዘንድሮ ባቄላ ለምን ተወደደ፣ ገብሱን ለማን ሸጥከው፣ አምና ስንት ነበር እያለ ያደርቀዋል። ሰው የመጣበትን ጉዳይ ረስቶ ነው የሚሄድ። ነገረኛ ነው ባጭሩ!”

ግቢው በሳቅ አወካ። እኔ ስልኩን ልነጥቃቸው እጄን ዘረጋሁ። ሽማግሌ ስልኩን ይነጠቃል? እጄን መልሼ ኪሴ ከተትኩ።

ስልኩ ሲዘጋ ቢሮ አስገቡኝና በሩን ዘግተው ግንባሬን ሳሙኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። “አየኸኝ ልጄ? ያ ሁሉ ሰው ጆሮውን አቁሞ! አንዲት ደግ ቃል እንኳ አላመለጠችኝ!” አሉኝ። ምን እላለሁ? እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩ። እናቴማ ስትሰማ፣ ዘመድ እንዲህ ነው ብላ ማር ላከችላቸው።

ከዚያ በኋላ ስለነበረው ጊዜ አትጠይቁኝ። ስልኬ ሲጠራ እደነግጣለሁ፤ ሳይጠራ ሲውል ይብስብኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጋሽ ሙላት አዝኜ ነበር። ሰው በሚወደው ሰው አፍ ይጠፋል እንዴ?

ተቀበሉኝ። ያውም ኢኮኖሚክስ!

ለምዝገባ ስሄድ የደወለችውን መምህርት አገኘኋት። የሌሎቹ አለቆች በሙሉ ታታሪ ነው፣ ታማኝ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው ብለው ስለዘጉ መምህራኑ አመልካቾቹን መለየት አቅቷቸው ነበር። “ስላንተ ግን ባቄላ ለምን ተወደደ ብሎ ገበሬ የሚያስቆም ሰው ነው አሉን። እንዲህ ያለው ሰው አካውንቲንግ ምን ያደርጋል ብለን ምርጫህን ገለበጥነው” አለችኝ።

ወሬው ወገዳ ደረሰ። በተከታዩ ዓመት ማመልከቻ የሞላ ሁሉ፣ ይስደቡን እያለ ጋሽ ሙላት በር ላይ ተሰለፈ። አንዱማ የሚሰደብበትን ጉድለት ራሱ ዘርዝሮላቸው ሄደ አሉ። ጋሽ ሙላት ግን ተቆጡ። “የማልወደውን ሰው እንዴት ብዬ እሰድባለሁ?” ብለው ሁሉንም አመሰገኗቸው። ታታሪ፣ ታማኝ፣ ሰው አክባሪ። አንዳቸውንም የተቀበላቸው የለም።

ይህን ሰምቼ ስስቅ ሰነበትኩ። ባለፈው ሳምንት ደወልኩላቸው። ትምህርቱ እንዴት ነው አሉኝ፤ ፈተናውን አለፍኩ አልኳቸው። “ጎበዝ። ታታሪ ልጅ ነህ” ብለው ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድልህ ብሎኛል። ምን አስቀይሜያቸው ይሆን?