መኪናው እስኪያልፍ

ችሎት ሲገባ ብቻ የደን ፍቅር የሚጸናበት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አሶሳ ፍርድ ቤት ገጥሞኛል፤ አጠገቤ ነበር የተቀመጠው።

ተከሳሿ ሐዋ ናት፤ የሰፈራችን ከሰል ሻጭ። ዛፍ ቆርጣ ከሰል አክስላለች ተብላ፣ ኤግዚቢት ከሆነው አንድ ኬሻ ከሰል ጎን ቆማለች። ሰውዬው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ “አገሩን በረሃ ያደረጉት እንዲህ ያሉት ናቸው!” አለኝ። ኬሻውን ደግሜ አየሁት። ለካ ያ ሁሉ ደን እዚያ ውስጥ ኖሯል የገባው!

ዳኛው “ለመጪው ትውልድ ሲባል” ብለው ቅጣቱን ማንበብ ሲጀምሩ፣ ግንድ የጫነ ተሳቢ በመስኮቱ ሥር አለፈ። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፤ ድምፃቸው ተዋጠ። ምን ያድርጉ? ወረቀቱን እንደያዙ ጠበቁ። የደን ወዳጃችን አፍንጫውን በመሀረብ ሸፍኖ፣ እኛም እጃችንን አጣምረን፣ መኪናው እስኪያልፍ በአክብሮት ጠበቅን። ከዚያ ሐዋ ስድስት ወር እስራት ተፈረደባት።

“የምትይው አለ?” አሏት ዳኛው።

እህቷ ደጅ የያዘችላት ጨቅላ ያለቅሳል። ሐዋ አማርኛዋን እየፈለገች፣ “ጌታዬ፣ መኪና ጠበቃችሁ። እኔም ትንሽ ጠብቁኝ፤ ልጄ ጡት ልስጠው” አለች።

ዳኛው ሰዓታቸውን አዩ።