መድን ገዝቼ ዕርቅ አወረድኩ

የመኪና መድን የሚገዛ ሰው ሁሉ ለግማሽ ሰዓት ያህል ክፉ አሳቢ ነው። ከማያውቀው ሰው ፊት ቁጭ ብሎ ገና ያልደረሰበትን መዓት ይዘረዝራል፤ ብገለበጥስ? ቢሰረቅስ? ቆሞ እያለ ቢቃጠልስ? ሠራተኛው ደግሞ ፊቱን ሳያጨማድድ «እሱም አለ» እያለ ለእያንዳንዱ መዓት ዋጋ ያወጣለታል። እኔ ማንበብ የማይሰለቸኝ ሴት ነኝ። የሩሲያን ወፋፍራም ልብ ወለዶች በባዕድ አገር ክረምት፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልዬ ጨርሻለሁ። እንደ መድን ውል ያለ ተስፋ የቆረጠ ድርሰት ግን አላጋጠመኝም። ዋናው ገጸ ባሕርይ መጀመሪያ ገጽ ላይ አረቦን ይከፍላል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ በምን በምን ምክንያት እንደማይከፈለው ይነገረዋል።

የተወለድኩት ሰበታ ነው። ያረጀሁት ጀርመን አገር፣ የአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ አገር ሰው ለጥርሱ፣ ለውሻው፣ ለመነጽሩ፣ ለቀብሩም ሳይቀር መድን ይገባል። ለመናፈቅ ብቻ ነው መድን የሌለው። ብጠይቅ ኖሮ ምናልባት እሱንም ዋጋ ያወጡለት ነበር፤ ግን አረቦኑን የምችለው አይመስለኝም።

ጡረታ ወጥቼ ስመለስ አንዲት ያገለገለች ቪትዝ ገዛሁ። በዚህ ዕድሜሽ ለምን አላችሁኝ? የትም ለመድረስ አይደለም። ለመፈለግ ነው። አባቴ ደምሴ ሰበታ ላይ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። የወፍጮ ድንጋይ መውቀርም ይችሉ ስለነበር፣ የቡራዩና የሱሉልታ ባለወፍጮዎች ድንጋያቸው በደነዘ ቁጥር ያስጠሯቸዋል። እኔ በጭነት መኪና ጋቢና፣ መዶሻና መሮ የታጨቀበትን ከረጢት ታቅፌ አብሬያቸው እሄድ ነበር። ከባሕር ማዶ ሆኜ የማልመው ሌላ አልነበረም። በእነዚያ ሦስት ከተሞች በአንዱ መንገድ ላይ ስሄድ፣ አንድ ሰው ድንገት ቆም ብሎ «አንቺ የደምሴ ልጅ አይደለሽም?» እንዲለኝ ብቻ ነበር።

ወፍጮ ቤቱ የነበረበት ቦታ ዛሬ የሴራሚክ መሸጫ ነው። በር ላይ የቆመውን ጎረምሳ ስለ ወፍጮው ብጠይቀው «የቱ ወፍጮ፣ ማዘር?» አለና ለመታጠቢያ ቤት የሚሆን ሰማያዊ ሴራሚክ አሳየኝ። ጨዋ ልጅ ነው። ሁሉም ጨዋ ነው። እማማ ይሉኛል፣ ማዘር ይሉኛል፣ ወንበር ይለቁልኛል፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ግን የሚጠይቀኝ የለም። ለነገሩ የኔን ዕድሜ ሴት የማን ልጅ ነሽ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከየት ይመጣል? የሚጠይቁት ቀድመውኝ ሄደዋል።

ወደ መድኑ ልመለስ። ሦስቱም ከተሞች ውስጥ ቅርንጫፍ ያለው አንድ የአካባቢ ኩባንያ አለ። ስሙን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁም በማግስቱ የምትረሱት ዓይነት ስም ነው። ጀርመን የኖረ ሰው ሳያወዳድር አይገዛምና ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ዞርኩ። አንድ ኩባንያ ከራሱ ጋር ይወዳደራል እንዴ? አዎ፤ ለአንዲት ቪትዝ ሦስት ቦታ ሦስት ዋጋ ሰጠኝ።

ቡራዩ ላይ ያገኘሁት ሰውዬ መኪናዋን የሚነዳው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ከኋላዬ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየ። ከዚያ በዕድሜዬ ምክንያት ጭማሪ እንዳለ በትህትና ነገረኝ። ሰው እያረጀ በሄደ ቁጥር ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው ብዬ ብከራከረው፣ የኩባንያው ኮምፒዩተር ጠባይ አያውቅም፣ የልደት ዘመን ብቻ ነው የሚያውቀው አለኝ። በዚህ ከኮምፒዩተሩ ጋር ልዩነት የለኝም፤ እኔም የማውቀው የድሮውን ብቻ ነው።

ሱሉልታ ዋጋው ቀለል ይላል፤ መስተንግዶውም ደግ ነው። ልጅቷ ከወንበሯ ተነስታ ተቀበለችኝ። የሱሉልታ መንገድ ጭጋግና ፈረስ ስለሚበዛበት፣ ፈረስ የሚያደርሰው ጉዳት ይሸፈን እንደሆነ ጠየቅኋት። ባለቤቱ ከታወቀ ይሸፈናል አለች። ባለቤት የሌለው ፈረስ ቢሆንስ? ሳቀችና «እማማ፣ ሱሉልታ ባለቤት የሌለው ፈረስ የለም፤ ባለቤቱ የሚጠፋው ፈረሱ መኪና ከመታ በኋላ ነው» አለችኝ። እንዲህ ያለ እውነተኛ ሠራተኛ ያለበትን ቅርንጫፍ ትቼ መሄድ አልነበረብኝም።

ከሦስቱም ውዱና ቀርፋፋው የሰበታው ነው። እዚያ ገዛሁ። ለምን እንደሆነ የገባችሁ አንባቢዎች ዝም በሉ፤ ያልገባችሁ ደግሞ ታድላችኋል፣ ከአገራችሁ ርቃችሁ አታውቁም።

የሰበታው ሠራተኛ ሰሎሞን ይባላል፤ ክራባቱን እስከ ጉሮሮው ያጠበቀ ሰው ነው። ሙሉ ሽፋን ሸጠልኝና፣ ምናልባት ግጭት ቢደርስብኝ ማድረግ ያለብኝን አስጠናኝ። መኪናዋን ከቦታዋ እንዳላንቀሳቅስ። ትራፊክ ፖሊስ እንድጠራ። ከዚያ ለሱ እንድደውል። ከሁሉም በላይ ኩባንያው ሳያውቅ ከማንም ጋር እንዳልስማማ፤ ይቅርታ እንዳልጠይቅ፣ ይቅርም እንዳልል። በሆዴ ይሄስ ጀርመን ነው አልኩ።

ብዙ ሳልቆይ፣ በአንድ የገበያ ቀን ሰበታ መግቢያ ዓለም ገና ላይ አንድ ባጃጅ ከውስጥ ለውስጥ መንገድ ዘው ብሎ ወጣና የቪትዜን የፊት ፓራውልት ገንጥሎ መብራቷን አደቀቀው። ሾፌሩ ረጋሳ የሚባል፣ ጺሙ ሸበት ያለ ጎልማሳ ነው። ከባጃጁ ወርዶ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ከዚያ ሄዶ ሦስት ትልልቅ ድንጋዮች አመጣና ሌላ መኪና መጥቶ እንዳይደርበን ከቪትዜ ኋላ ደረደራቸው። እኔ የተማርኩትን አደረግሁ። ፖሊስ ጋ ደወልኩ፤ መንገድ ላይ ነኝ አለኝ። የትኛው መንገድ ላይ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ሰሎሞን ጋ ደወልኩ፤ አደራ እንዳልስማማ ደገመልኝ።

በዚህ መሀል ዓለም ገና በሙሉ ከበበን። አንዱ «ማዘር፣ ይለፉት፤ ፕላስቲክ ነው» ይላል። አንዲት ድንች ሻጭ «እትዬ፣ የልጆች አባት ነው፤ ባጃጁም የሱ አይደለም» ትለኛለች። በስምምነት እንጨርሰው ብለው ሲያጣድፉኝ የውሉን ቃል አስረዳኋቸው፤ ብስማማ ካሳ አላገኝም፣ ስለዚህ ፖሊስ ይምጣ አልኩ። አንድ የታክሲ ረዳት አገጩን እያሻሸ ሰማኝና፣ መድን ያለዎት ከሆነ ታዲያ የሚያስቆጣዎት ምንድን ነው አለኝ። በዚያ ሁሉ ንባቤ እንዲህ ያለ ጥያቄ አላጋጠመኝም።

ያን ጊዜ ሕዝቡ መንገድ ከፈተ። ከዘራ የያዙ፣ ሸራ ኮት የደረቡ ሽማግሌ እየተጎተቱ መጡ። «ኦቦ ቱሉ መጡ» ተባለ። የዓለም ገናን ጠብ የሚያበርዱ እሳቸው ናቸው አለችኝ ድንች ሻጯ። ኦቦ ቱሉ ስለ ግጭቱ አንድ ነገር አልጠየቁም። ፓራውልቱንም አላዩትም። ረጋሳን አዩት፤ ከዚያ ወደኔ ዞሩና ብዙ ካዩኝ በኋላ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ።

«የደምሴ» አልኩ።

ደምሴ ብዙ ነው፣ የቱ ደምሴ አሉ። ወፍጮው፣ የሰበታው አልኳቸው። ከዘራቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ግራ እጃቸውን ከፍ አደረጉና ትንሿን ጣታቸውን አጠፉ። «ይቺ ጣቱ የጎደለች? ድንጋይ ወቃሪው?»

እንግዲህ አስቡት። የአባቴ ትንሿ ጣት ወፍጮ ድንጋይ ሥር እንደቀረች የሚያውቅ ሰው በዚህ ዓለም ላይ እኔ ብቻ የቀረሁ መስሎኝ ነበር። «ኢንታላ ደምሴ!» አሉ፤ የደምሴ ልጅ። ወደ ሕዝቡ ዞረው በኦሮምኛ፣ ይቺ ሴትዮ ልጅ ሆና የዱቄት ከረጢት ላይ ተቀምጣ ፊቷ እንደ ነጭ ጨርቅ ይሆን እንደነበር፣ እኛም ዳኩ፣ ዱቄት እያልን እንጠራት ነበር ብለው አወሩ። ዳኩ! ይሄን ስም እዚያ ላገባሁት ባሌ እንኳን አልነገርኩትም፤ በጀርመንኛ እንዴት ተብሎ ይነገራል? በኦሮምኛ መለስኩላቸው። ያን ቋንቋ ከልጅነቴ ወዲህ አፌ ላይ አላሳደርኩትም፤ ቃሉ ግን አንድም ሳይጎድል ተከታትሎ ወጣ።

ከዚያ ኦቦ ቱሉ ረጋሳን በከዘራቸው ጠቆሙና ነገሩን ጨረሱት። «የዚህን አያት እህል አባትሽ ነው ሲፈጭለት የኖረው። አሁን ፖሊስ ጠርተሽ ምን ልትይው ነው?» አሉኝ። አንቺ ብለው ነው ያሉኝ፤ ልብ በሉልኝ።

ምን እላለሁ? ውሉ እንዲህ ይላል እላለሁ? ረጋሳ ከቪትዜ ኋላ ሄዶ ለጥንቃቄ ካስቀመጣቸው ድንጋዮች ትልቁን አነሳና ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ፊቴ አጎነበሰ። ድንጋይ ተሸክሞ የቆመን ሰው ቆይ ፖሊስ ይምጣ የሚባልበት አገር ካለ አላውቅም። ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት፤ ድንጋዩን በእጄ አወረድኩለት። ኦቦ ቱሉ መረቁን፤ ሰላም ይስጣችሁ፣ መንገዱን ያቅናላችሁ እያሉ። ሕዝቡ ይሁን ሲል «ሃ ታኡ» እያለ ይቀበላል። ትራፊክ ፖሊሱ የደረሰው ምርቃቱ መሀል ላይ ነው። ቆቡን አወለቀና እሱም ከሁሉ ጋር «ሃ ታኡ» አለ። ሲያልቅ በመታረቃችን ደስ እንዳለው ነግሮን፣ መንገድ እንዳንዘጋ አሳስቦን ሄደ።

በማግስቱ ሰሎሞን ፊት ተቀመጥኩ። ታረቁ ወይ አለኝ። ታረቅሁ። በሽማግሌ? በሽማግሌ። ድንጋይ ጭምር? ድንጋይ ጭምር። እስክሪብቶውን አስቀመጠና ክራባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አላላው። «እናንተ ሰበቶች ግን ለምንድን ነው መድን የምትገዙት?» አለኝ። «ሁልጊዜ እንዲህ ናችሁ! መድን ትገዛላችሁ፣ በሽማግሌ ትጨርሳላችሁ፣ ከዚያ እዚህ መጥታችሁ ትነዘንዙናላችሁ!»

እናንተ ሰበቶች አለ። እባክህ ድገመው አልኩት።

የተቆጣሁ መሰለው። ደነገጠ፤ ይቅርታ እያለ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ በርቶ ነበር። መላ ተገኝቷል አለ። እርስዎማ እንግዳችን ነዎት፣ ከውጭ ነው የመጡት፤ ስለዚህ በልዩ አስተያየት ሊከፈልዎት ይችላል። «የአገሩን ልማድ ባለማወቄ ተስማማሁ» ብለው ይፈርሙልን እንጂ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ወረቀቱን ወደኔ ገፋ፣ እስክሪብቶውንም ከፍቶ ሰጠኝ።

እስክሪብቶውን ተቀብዬ አነበብኩት። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ጥሩ አማርኛም ነው። አውቄ ነው የተስማማሁት ብዬ ብፈርምስ አልኩት። እሱ ከሆነ አይከፈልም አለኝ፤ አውቆ ለታረቀ ሰው ሽፋን የለንም። «እማማ፣ ምን ቸገረዎት? ፊርማ ብቻ እኮ ነው» አለ፤ ከልቡ አዝኖልኝ ነው።

ልማዱን አውቀዋለሁ አልኩትና እስክሪብቶውን መለስኩለት።

እንግዲህ ኩባንያው እንዴት ነው፣ እንግዛ ወይ ለምትሉኝ፣ ግዙ። እምቢ ያለኝ በውሉ መሠረት ነው፤ ሊከፍለኝ የፈለገው በውሸት ነው፤ ሁለቱንም ያደረገው በትህትና ነው። ከዚህ የተሻለ አገልግሎት በየትም አገር አላየሁም።

የተገነጠለውን ፓራውልት ረጋሳ በሲባጎ አስሮልኝ ነበርና እሱን እያንጓጓሁ ወደ አንድ ጋራዥ ነዳሁ። ሰበታን የሚያቋርጠው የጅማ መንገድ እንደዚያን ቀን አጥሮብኝ አያውቅም። የማገኘውን ሰው ሁሉ በመስኮት ሰላም ስል፣ ግማሾቹ ተሳፋሪ የምፈልግ ታክሲ መስዬአቸው እጃቸውን እያወዛወዙ ያሳልፉኛል። ደንታም አልሰጠኝ። ጋራዥ ስደርስ መካኒኩ ከአይሱዙ ሥር ተስቦ ወጣ። ሲባጎውን ነካ ነካ አደረገ፤ የተሰበረውን መብራት አየ፤ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ዝቅ ብሎ ጫማዬን አየ። ከዚያም የማን ልጅ እንደሆንኩ ሳይጠይቅ፣ የዲያስፖራ ዋጋ ጠራልኝ።