የሠላሳ አክሲዮን ባለቤት

ከሥራ ወጥቶ ሥራው ግን ከሆዱ ያልወጣ ሰው በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። በእኛ ቤት ይህን ማዕረግ የያዙት ክብርት ታላቅ እህቴ ናቸው። የኮምፒውተር ማራገቢያ በሚያመርት ፋብሪካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲገጣጥሙ ኖረው፣ የኮምፒውተር ገበያ ሲቀዛቀዝ ክፍላቸው ተዘጋ። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ “ድርጅታችን” ነው የሚሉት።

አንድ ቀን ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሙ “የት ጋ ነው የሚያምዎት?” ሲል እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት፤ ለካ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኮምፒውተር እያዳመጡ ነው።

“ዶክተር፣ እኔስ እድናለሁ። ይሄን ማራገቢያ ግን አቧራ ጨርሶታል። የድርጅታችን ነው፣ አደራ!”

የስንብት ክፍያቸውን የተቀበሉ ቀን ባላቸው ቀና ብለው የሚያፈሰውን ጣሪያ አዩ። እህቴ በገንዘቡ የዚያኑ ፋብሪካ ሠላሳ አክሲዮን ገዝተው መጡ።

“ያባረረሽ ቤት ገንዘብሽን ታስገቢያለሽ?” አሉ ባላቸው።

“ሁሉም ሲሸሽ ነው የሚገባው! ገበያው ሲመለስ ታያለህ።”

ዋጋው በግማሽ ወረደ። ጣሪያውም ማፍሰሱን ቀጠለ።

ባለፈው ሳምንት የባለአክሲዮኖች ስብሰባ ነበርና አብሬያቸው ሄድኩ። ባላቸው በር ላይ ይዘውኝ “አንተን ትሰማለች። ጨርሶ ሳይወድቅ ሽጪው በላት” ብለውኛል። በስብሰባው ሁሉም ስለ ትርፍ ጠየቀ። እሳቸው ተነስተው “የመገጣጠሚያ ክፍሉ መቼ ይከፈታል?” አሉ። ሊቀመንበሩ ወረቀታቸውን አገላበጡ።

“በዚህ ዓመት እንኳን አይመስለኝም፣ እናቴ።”

ስብሰባው ሲያልቅ ጥበቃውን ለምና ክፍሉን አስከፈተች። ከዚህ በኋላ ማዕረጉ ይቅርብኝ፤ እህቴ ናት። ማሽኖቹ ላስቲክ ለብሰዋል። ከመስኮቱ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር ስታይ ቆየች።

“እዚህ የምትቀመጠዋ ሳቂታ ነበረች። አሁን የት እንደገባች እንኳ አላውቅም።” የወንበሩን አቧራ በመዳፏ ጠረገች። “የገንዘቡ ነገር አይደለም። ናፍቆኝ ነው። አክሲዮን ባይኖረኝ ማን ያስገባኛል?”

“ሽጪው” የምልበትን ንግግር መንገዱን ሙሉ ሳሰናዳ ነበር የመጣሁት። እኔን ያስተማረችኝ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ባገኘችው ደመወዝ ነው። ንግግሬን ዋጥ አደረግኩት።

ቤት ስንደርስ ባሏ ወደ ጓዳ ጠሩኝ።

“ነገርካት?”

“አልነገርኳትም” አልኩ። “ጣሪያውን እኔ አሠራለሁ።”