የድስት ክዳን ተቆጣጣሪዋ ኔይ ቴቦራ

የሰው ድስት ክዳን ሳይከፍት ውሎ ማደር የማይችል ሰው በየመንደሩ አንድ አይጠፋም። በሰፊው ውቅያኖስ መሀል ባለችው በአባያንግ ደሴት ይህን ከፍተኛ ሥልጣን፣ ማንም ሳይሾማቸው፣ የያዙት ክብርት ኔይ ቴቦራ ናቸው።

በር አያንኳኩም፤ የጎረቤታቸው የካውሬ ጎጆ ደግሞ፣ እንደ ደሴቲቱ ጎጆዎች ሁሉ፣ በርም ግድግዳም የለውም። እሱ የጎረሰውን ሳይውጥ ክዳኑ እጃቸው ላይ ነው።

«ዛሬም ሩዝ በቆርቆሮ ሥጋ?»

«ምን ላድርግ ኔይ ቴቦራ፣ ይጣፍጣላ!»

«ባሕሩ ደጅህ ተኝቶ አንተ ከመርከብ የወረደ ሥጋ ትበላለህ። ዓሣው አይታዘብህም?»

ሰርግ ላይ ሳይቀር የሙሽራዋን ሳህን አይተው «ቅጠሉስ?» ብለዋል። ቄሱን ለስላሳ መጠጥ ጠጡ ብለው ገሥጸዋቸዋል። ካውሬማ አንዴ ድስቱን ቅጠል ክምር ሥር ቢደብቅ አነፍንፈው አገኙበት።

አምና የካውሬን እግር ስለታም ድንጋይ ቧጨረው። ትንሽ ቁስል ነበረች፤ ወር አልፏት አልሽር አለች። የመንደሩ ነርስ የደሙን ስኳር ለክታ፣ «ይኼ ካልወረደ እግርህ ይቆረጣል» አለችው። ካውሬ ቤቱ ገብቶ ፊቱን አዙሮ ተኛ። ኔይ ቴቦራ «አላልኩህም?» ይሉኛል ብሎ ጠበቀ። አላሉትም። በማግስቱ የተጠበሰ ዓሣ፣ ቁራሽ ጎደሬና በኮኮናት የተሠራ የሽፈራው ቅጠል ይዘው መጡ፤ ሩዙን ከነጆንያው ተሸክመው ሄዱ። ነርሷ የሰጠችውን ኪኒንም እስኪውጥ አናቱ ላይ ይቆሙ ጀመር።

«ቅጠል የሚቀርብልኝ እኔ አሳማ ነኝ እንዴ?»

«አሳማዬማ ሳይነጫነጭ ነው የሚበላው። ዋጥ!»

ወራት አለፉ። ስኳሩ ወረደ፣ ቁስሉ ጠገገ፣ ነርሷም አሰናበተችው።

ካውሬ ሊያመሰግን ኔይ ቴቦራ ጋ ሲሄድ ጎደሬ በሚያበቅሉበት ጉድጓድ ዳር አገኛቸው። ጉድጓዱ ግማሹ ባዶ ነው። ለልጅ ልጃቸው ሰርግ ብለው ዓመታት ያሳደጉትን ጎደሬ፣ የቤተሰቡን መኩሪያ፣ ቁራሽ በቁራሽ ሲያበሉት ከርመዋል።

 ካውሬ ከዳር የተቀመጡትን፣ ተመልሰው የሚተከሉ የጎደሬ ራሶች አንስቶ ጭቃው ውስጥ ወረደና መትከል ጀመረ።

«ምነው አንተ! ሰርጉ እኮ የፊታችን ወር ነው፤ መች ይደርሳል?»

«ሙሽሮቹ ልጅ ሲወልዱ ይደርሳል» አለ ቀና ሳይል።

ኔይ ቴቦራ ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ።